ያልመጣው የጥር እትም

በየካቲት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኢንስፔክተር ነመራ ነቀምቴ ውስጥ ወደ አቶ ገብረወልድ ጓሮ ሲገባ እዚያ የነበሩት የሟቹ ልጅ ብፅዓት፣ ባሏ ኦብሳ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴዋ ነስሪን፣ ጎረቤታቸው ዋጋሪ እና የድሮ ጓደኛቸው ተረፈ ነበሩ። አቶ ገብረወልድ ከቆርቆሮ በተሠራው የእንቁላል መፈልፈያ አጠገብ፣ የፈሰሰ ውሃ ባራሰው አፈር ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። እግራቸው ባዶ ነው። ውሃ የያዙበት ጣሳ ከእጃቸው ብዙም አልራቀም።

«ሶኬቱን ማን ነቀለው?» ሲል ጠየቀ ነመራ።

«እኔ» አለ ኦብሳ። ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያያቸዋል። «የገደልኳቸውም እኔ ነኝ።»

«ኦብሳ! ምን እያልክ ነው?» ብላ ብፅዓት ጮኸች።

«ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ነካው? ንገሪኝ እስቲ፣ ማን ነካው?»

የመውለጃ ወሯ የገባው ብፅዓት አጥሩን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ያነሷት ነስሪንና ተረፈ ናቸው። ከሁሉም በላይ ጮኾ ያለቀሰው ተረፈ ነበር።

የሆነው ነገር ለሁሉም ግልጽ ይመስላል። መብራት ጠፍቶ ሳለ አቶ ገብረወልድ ለመፈልፈያው ውሃ ሊጨምሩ ወጡ፤ እጃቸው ቆርቆሮው ላይ እንዳለ መብራት መጣና ኮረንቲ ያዛቸው። ነመራ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየ። ሽቦው የተጠቀለለበት ናስትሮ በአምፖሉ ሙቀት ቀልጧል፤ የተራቆተው ሽቦ ቆርቆሮውን ነክቷል።

ኦብሳ ሳይጠየቅ ነመራ በመጣበት ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ጣቢያ ሲደርሱ አለቃው ነገሩን አሳጠረው። «በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ እሱም አምኗል። ዓርብ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ።»

ነመራ ግን አልተዋጠለትም። ኦብሳ በከተማው የታወቀ ጥንቁቅ ጠጋኝ ነው። ብቻውን አስቀምጦ ጠየቀው።

«ከአማትህ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«በመጽሔቱ ነው።»

መጽሔቱ «የጓሮ ጥበብ» ይባላል። ዶሮና አትክልት በትርፍ ጊዜያቸው ለሚይዙ ሰዎች በየወሩ ይታተማል። ገብረወልድ፣ ነስሪን፣ ዋጋሪና ተረፈ ገንዘብ አዋጥተው በአንድ ደንበኝነት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስመጡት ነበር። የኅዳሩ እትም ከመጣ በኋላ ዋጋው ጨመረ። አዘጋጆቹም የድሮውንና የአዲሱን እትም በስልክ የሚያስነብብ ማኅደር ከፍተው ለዚያም ክፍያ ጠየቁ። አቶ ገብረወልድ ሁለቱንም ፈለጉ፤ ማኅበርተኞቹ ግን ደንበኝነቱን አቋረጡ።

«ብቻዬን እከፍላለሁ አሉ» አለ ኦብሳ። «እኔ ደግሞ ‹አባባ፣ ልጅ ሊወለድ ነው፣ ለዶሮ ወሬ አይከፈልም› አልኳቸው። ዝም አሉኝ። ያቺ ዝምታቸው አሁን ከጆሮዬ አልወጣ አለችኝ።»

«መፈልፈያውን ከየት አይተህ ሠራኸው?»

«ከኅዳሩ እትም። ሁላቸውም ከዚያው ነው የሠሩት፤ ግን ሁሉም የየራሱን ጨመረበት። ነስሪን በእንጨት ሠራችው፣ ዋጋሪ ሳንቃ ላይ አስቀመጠው፣ ተረፈ ደግሞ የሬዲዮ አንቴና አሰረበት ብለው አባባ ሲስቁ ነበር። የእኛ ብቻ እንደ ሥዕሉ ነው። መስመር በመስመር! ታዲያ ለምን?»

የቀረበለትን ምግብ አልነካም። ነመራ ሲወጣ ብፅዓት በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ማሎ፣ ኦቦ ነመራ!» ብላ እጁን ይዛ ለመነችው። «ነገ አባቴን እቀብራለሁ። ዓርብ ባሌን አሳልፋችሁ ከሰጣችሁ ይህን ልጅ ማንን ይዤ ነው የምወልደው?»

«እየሠራሁ ነው፣ ልጄ።»

«እሱ እኮ መውጣት አይፈልግም። ይፈረድብኝ ነው የሚለው። እናንተ ብትለቁትም ራሱን አይለቅም።»

ነመራ በቀጥታ ወደ ነስሪን ሱቅ ሄደ።

እሱ ገና ሳይቀመጥ ነስሪን ከጥቅሉ ሽቦ ቆርጣ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እየው፣ ኦቦ ነመራ። ሽቦዬ ደህና ሽቦ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ገበያተኛው ሁሉ በዓይኑ እየገደለኝ ነው።»

«አንቺ ለምን በእንጨት ሠራሽው?»

«ቆርቆሮውን ለሦስቱ ወንዶች ሸጬ ለራሴ ስላልቀረኝ! ብልጥ ነጋዴ አይደለሁም?» ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልወጣም። «ሳጥን አገጣጠምኩ። ያ ሳጥን አተረፈኝ መሰለኝ።»

«መጽሔቱ ግን ገንዘቡን ያወጣል?»

«ወረቀቱ ያወጣል። መደርደሪያዬ ላይ ይቀመጣል፣ ደንበኛም ያየዋል። የስልኩ ግን ክፍያው ካለቀ ይዘጋል፤ የከፈልኩበት ነገር የእኔ ካልሆነ ምን ያደርግልኛል? እንደዛም ሆኖ ለአንድ ዓመት እንሞክረው ብዬ ነበር። ተረፈ አፈረሰው። ‹አሮጌ መጽሔት ሁለተኛ ሊሸጡልን ነው፣ ሞኞች አትሁኑ› አለ። ነገር ሲያቀርብ ታውቀዋለህ፤ ሰው ሳያስበው እጁን ያወጣል።»

ዋጋሪን በጓሮው መፈልፈያው አጠገብ ተቀምጦ አገኘው።

«አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ ዋጋሪ?» ብሎ ሰላምታ ሰጠው።

«ናጋ። ምን ሰላም አለ፣ ዝም ብዬ ነው እንጂ።»

የቆርቆሮው ሣጥን ሳንቃ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ሚስማር ላይ አንድ ጥንድ ሲሊፐር ተሰቅሏል።

«ሲሊፐሩ ምንድነው?»

«የመፈልፈያው ነው። በባዶ እግሬ ስነካው ይነዝረኛል። ሚስቴ እንዲያውም ‹አንተንም የሚያስደነግጥ ነገር ተገኘ እንዴ› እያለች ትስቅብኛለች።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለተረፈ። ብዙ ያነባል ብዬ። ‹ቀላል ነው፣ ጫማ አድርግ› አለኝ፤ እኔም አደረግሁ።» ድንገት ቀና አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ለገብረወልድ አልነገርኩትም። አጥር ነው የሚለየን፤ በአጥር ላይ ብጠራው ይሰማኝ ነበር። ኦቦ ነመራ፣ እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?»

በዚያ ቀን ሞቱን በራሱ ላይ የወሰደው ሁለተኛው ሰው ነበር። ነመራ ትከሻውን ያዘው።

ተረፈ ከሁሉም ይበልጥ የተሳካለት ዶሮ አርቢ ነው። ጫጩት አሳድጎ ለአኖ ከተማ ገበያ ያወርዳል። ጥቁር ለብሶ ተቀበለው፤ ዓይኑ አብጧል።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ያ ልጅ ግን አይፈረድበት። አላወቀም።»

«ምኑን አላወቀም?»

«ሙያውን ማለቴ ነው።»

ነመራ ጓሮውን እያየ ተራመደ። ከተረፈ መፈልፈያ አንድ ሽቦ ወጥቶ በግድግዳው ሥር ይሄድና መሬት ውስጥ የተተከለ የፌሮ ቁራጭ ላይ ይጠመጠማል። ፌሮው ዙሪያ ከሰል ተከስክሷል፤ አፈሩ ላይ ነጭ ጨው ተጋግሯል። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የግቢው መሬት ተሰነጣጥቋል። ያ ቦታ ግን ርጥብ ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የፍየል ማሰሪያ።»

«ሽቦውስ?»

«ፌሮው እንዳይነቀል ነው የወጠርኩት።»

«ጨውስ?»

«ትልሰዋለች።»

«ከሰሉንም ትበላለች?»

ተረፈ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ልጆች የደፉት ይሆናል።»

«ፍየሏ የት አለች?»

«ለገና ሸጥኳት።»

«እና ውሃውን ማን ይጠጣል?»

ተረፈ መሬቱን አየ። «ኢንስፔክተር፣ ሐዘን ላይ ነኝ» አለ።

ነመራ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ቢሮው ገብቶ በስልኩ ለ«የጓሮ ጥበብ» ማኅደር የአንድ ወር ክፍያ ከኪሱ ከፈለ። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። የታኅሣሡን እትም ገለጠ፤ ምንም የለም። የጥሩን ገለጠ። የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ አጭር ማስታወቂያ ነበር። ደጋግሞ አነበበውና ስልኩን በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠው። ያነበበውን ለአለቃው ብቻ ተናገረ።

ዓርብ ሠልስት ነበር። ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሲወጣ ነመራ ነስሪንን፣ ዋጋሪንና ተረፈን አስቀራቸው። ኦብሳ እጁ ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መሃል ገባ። በሦስት ቀን ውስጥ ጉንጩ ጎድጉዷል። ሚስቱን አላያትም።

«እዚህ ያመጣኋችሁ» አለ ነመራ «አቶ ገብረወልድን ማን እንደገደላቸው ራሳቸውን የሚጠይቁ ብዙ ሰዎች ስላሉ ነው። መልሱን የምናገኘው ከመፈልፈያዎቹ ነው። አራቱም የተሠሩት ከአንድ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ስሕተት አለበት። ኦብሳ ስሕተቱን እንዳለ ገለበጠው፤ ጥንቁቅ ስለሆነ።»

ኦብሳ ቀና አለ።

«የጥሩ እትም እርማት አውጥቷል። ላንብብላችሁ።» ስልኩን አወጣ። «‹በኅዳር እትማችን የወጣው መፈልፈያ በቆርቆሮ ከተሠራ ሽቦው በሙቀት ሊራቆትና ሰው ሊገድል ይችላል። ኮረንቲው ወደ መሬት እንዲወርድ ከቆርቆሮው ሽቦ አውጥታችሁ መሬት ላይ ከተተከለ ብረት ጋር እሰሩት፤ ብረቱ ዙሪያ ከሰልና ጨው ጨምራችሁ አፈሩን ሁልጊዜ አርጥቡት። ለስሕተቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።›»



«ይህ እትም ነቀምቴ ላሉት ማኅበርተኞች አልመጣም። ደንበኝነታቸውን አቋርጠዋል። ነስሪን አላነበበችውም፤ ያዳናት እንጨቱ ነው። ዋጋሪም አላነበበውም፤ ቢያነብ ሲሊፐር ባልሰቀለ። አንድ ሰው ብቻ አንብቦታል፤ የራሱን መፈልፈያ ቃል በቃል አርሟል። ከሰሉ፣ ጨዉ፣ ርጥቡ አፈር።»

ነስሪን ወደ ተረፈ ዞረች። «አንተ? ሞኞች አትሁኑ ያልከን አንተ?»

«ከራሴ አስቤው ቢሆንስ?» አለ ተረፈ። ድምፁ ቀጥኗል። «ሰው ማሰብ አይችልም?»

«ይችላል» አለ ነመራ። «ከራሱ ያሰበ ሰው ግን የሚደብቀው የለውም። አንተ ለእኔ የፍየል ማሰሪያ ነው አልከኝ። ኦብሳ፣ አባባ ስለ ተረፈ መፈልፈያ ምን ብለው ነበር የሳቁት?»

«የሬዲዮ አንቴና አሰረበት ብለው ነው።»

«ከማን ሰሙት?»

«ከራሱ። እሑድ ሊጠይቁት ሄደው ነበር። ‹ተረፈ አንድ ሽቦ ቀብሯል፣ ለእኛም ያስፈልግ እንደሆነ ልጠይቀው› ብለው ነው የወጡት።» ኦብሳ የሚናገረውን ራሱ ያኔ ሰማው። ወደ ተረፈ ዞረ።

«ለእሳቸው አንቴና፣ ለእኔ ፍየል» አለ ነመራ። «ዋጋሪ ኮረንቲ ነዘረኝ ሲልህ ጫማ አድርግ አልከው። እሳቸው ግን ምን እንደሆነ በቀጥታ ጠየቁህ፣ ተረፈ። ሽቦውን እያዩ ጠየቁህ።»



«ብነግረው ‹ከየት አወቅህ› ይለኛል» አለ ተረፈ። «ማኅደሩ አይረባም ብዬ አስተውኳችሁ። ብቻዬን ከፈልኩ። የመኖውም የክትባቱም ነገር እዚያ አለ። ሁላችሁም ካወቃችሁት አኖ ገበያ ላይ እኔ ምን ይቀረኛል? በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሰበብ ፈልጌ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በእናቴ! አንድ እሑድ ነው የቀረው።»

«አባባ እንቁላል ሲያመጣልህ ኖሯል» አለች ብፅዓት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በየፋሲካው። አንድ ቃል ነው የፈለገው ካንተ።»

ዋጋሪ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ኦብሳ እጁ ሲፈታለት እንኳ እንደታሰረ ያህል ገጥሞ ያዘው። ብፅዓት ሄዳ እጆቹን አለያየቻቸው።

ኦብሳ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። ዐቃቤ ሕጉ እያወቁ ዝም ማለትን የሚመለከት አንቀጽ ሲፈልግ ሰንብቶ ሲያጣ በመጨረሻ ተረፈን ለፖሊስ ሐሰተኛ ቃል በመስጠት ብቻ ከሰሰው። በአቶ ገብረወልድ መፈልፈያ ውስጥ የነበሩት እንቁላሎች በርደው ተጣሉ። ብፅዓት በመጋቢት ወንድ ልጅ ወለደች። ነስሪንና ዋጋሪ የማኅደሩን ደንበኝነት ከፈሉ። ኦብሳ ከዚያ በኋላ ሽቦ አልነካም፤ ቤታቸው አምፖል ሲቃጠል የሚቀይረው ዋጋሪ ነው።