ወደ ሐይቁ ደርሶ መልስ

ኩንዜስ ኡርጋይንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ሰው አዝሎ ወደ ክሊኒኩ ሲገባ ነው። እሷ አየሩ በሳሳበት ተራራማ አገር፣ በሌህ ከተማ ነርስ ናት፤ እሱ ቱሪስት የሚያመላልስ ሾፌር። ጀርባው ላይ ያለው እንግዳ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

«መቼ ነው ከተማ የገባው?» አለችው፣ ኦክስጅኑን ለበሽተኛው እያደረገች።

«ትናንት፣ በአውሮፕላን።»

«ትናንት የገባውን ሰው ዛሬ ተራራ ላይ አወጣኸው?»

«ቸኩያለሁ ብሎኝ ነው።»

«እሱ የአገራችንን አየር አያውቅም። አንተም አታውቅም?»

እንግዳው በማግስቱ ድኖ ወጣ። ሾፌሩ ግን በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«አራት ሰዎች አሉኝ። ሁለት ቀን አሳርፌያቸዋለሁ፤ ይበቃል?»

«ይበቃል።»

ደግሞ በሌላው ሳምንት መጣ። «አሁን ያሉትን ሦስት ቀን አስተኝቻቸዋለሁ። አብዝቼው ይሆን?»

ኩንዜስ ሳቀች። በዚያ በጋ በሌህ እንደ ኡርጋይን ቱሪስቶች የተኛ ሰው አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ሌላ ሆነ። ኡርጋይን የፓንጎንግ ሐይቅ ዳር ልጅ ነው፤ ስፓንግሚክ ከሚባለው መንደር። ገንዘብ አጠራቅሞ እዚያው የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ያስባል። የመንደሩ ጤና ኬላ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ነርስ አጥቶ ተዘግቷል። ኩንዜስ ይህን ስትሰማ ሐይቁንም፣ ጤና ኬላውንም፣ ሰውየውንም አንድ ላይ ወደደች።

እናቷ ያንግዶል ግን ጋብቻውን እንቢ አለች።

አልጮኸችም፤ ጮሃም አታውቅም። የገብስ በሶውን እያሸች ቀና ሳትል፣ «ልጁን አልጠላሁትም» አለች። «መንገዱን ነው የጠላሁት።»

ኩንዜስ ምክንያቱን ታውቃለች። ያንግዶል በሰሜን በኩል ካለው ሸለቆ፣ ከኑብራ፣ ተራራ ተሻግራ የመጣች ሙሽራ ናት። እናቷ የሞተችው በክረምት ነበር። በረዶ መንገዱን ዘጋው፤ እሷም ዘጠኝ ቀን ጓዟን ሸክፋ ደጅ ደጁን ስታይ ሰነበተች። ስትደርስ አስከሬኑ እንደ አገሩ ወግ ተቃጥሎ፣ አመዱ እንኳ ቀዝቅዞ ነበር። ያን ጊዜ ሴት ልጄን ተራራ አሻግሬ አልድርም ብላ ማለች።

ኡርጋይን ይህን ከኩንዜስ ሰማ። ከዚያ ራሱ ያንግዶል ፊት ሄዶ ተቀመጠ።

«አማ፣ መንገዱን አንድ ቀን ላሳይዎት» አላት፤ «አማ» በአገሩ እናቴ ማለት ነው። «ምሳዎን እናቴ ቤት በልተው፣ ማታ እዚሁ አልጋዎ ላይ ይተኛሉ። ደርሶ መልስ ነው።»

ያንግዶል አየችው። «አልጋዬ ላይ ካልተኛሁስ?»

«ልጅዎን ዳግመኛ አልጠይቅም።»

«ኩንዜስ፣ ሰምተሻል» አለች እናት።

ኩንዜስ ሰምታለች። በማግስቱ ገበያው አጠገብ ባለች ምግብ ቤት ሲገናኙ፣ ያዘዙት ሞሞ፣ ሥጋ የተጠቀለለበት ሊጥ፣ እፊታቸው እስኪቀዘቅዝ አልነኩትም።

«በእኔ ነው የተወራረድከው፣ ታውቃለህ?»

«በራሴ ነው። አሁን እንቁጠር። አሥራ አንድ ሰዓት ንጋት ላይ እንነሳለን።»

«እማዬ ጸሎቷን ሳትጨርስ ከቤት አትወጣም።»

«ስንት ደቂቃ ነው?»

«ደስ ካላት ሃያ። ቅር ካላት አንድ ሰዓት።»

«እንግዲያው አስደስቻት።»

ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እሱ ግን ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ በጣቱ መንገዱን እየሣለ ነበር። «ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቻንግ ላ ተራራ አናት ላይ እንሆናለን። አራት ሰዓት ተኩል ሐይቁ ዳር። የሚያሰጋኝ እብዱ ወንዝ ነው።»

ሾፌሮቹ እብዱ ወንዝ የሚሉት ከሐይቁ ወዲህ መንገዱን የሚያቋርጠውን ጅረት ነው። ጠዋት ዶሮ ይሻገረዋል። ከሰዓት በኋላ በላይ ያለው በረዶ ይቀልጥና መኪና ይወስዳል።

«ሰባት ሰዓት ላይ ከእናቴ ቤት መውጣት አለብን» አለ። «ከዚያ ካለፈ ግን… ጓደኛዬ ጂግሜት ያን ቀን አትክልት ጭኖ ወደዚያ ይመጣል። ከወንዙ ወዲህ፣ በሌህ በኩል ቆሞ እስከ አሥር ሰዓት እንዲጠብቀን እነግረዋለሁ።»

«ክሊኒኬ ከሚመጣ በሽተኛ ሁሉ በላይ ፈርተሃል» አለችው።

ዓይኖቻቸው ተገናኙ። «አዎ» አለ።

ቀኑ የሰኔ መጨረሻ ሆነ። ያንግዶል ጸሎቷን በሃያ አምስት ደቂቃ ጨረሰች። ኩንዜስ ኦክስጅን፣ በቅቤና በጨው የተናጠ ሻይ፣ ብርድ ልብስ ጫነች። አባቷ ቶንዱፕ ደጅ ድረስ ሸኛቸውና ለኡርጋይን ቀስ ብሎ፣ «ወሬ ስትጀምር አታቋርጣት፤ ዝም ካለች ያስፈራል» አለው።

ቻንግ ላ ላይ በረዶ ጠበቃቸው። በሰኔ፣ በዚያ አገር ሙቀት በሚሆንበት ወር። ከፊታቸው የወታደር ካሚዮኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘግተው ነበር። ያንግዶል ያን ነጭ ነገር እንደ ባለ ደም ተመለከተችው። ኩንዜስ የእናቷን ጣት ይዛ ኦክስጅኗን ስትለካ፣ «ጣቴን ተይልኝ» ከማለት በቀር አልተናገረችም። አንድ ሰዓት ተኩል ቆሙ። ኡርጋይን አካፋ ይዞ ከወታደሮቹ ጋር በረዶ ሲዝቅ ቆይቶ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ተመለሰ።

ሐይቁ ዳር የደረሱት ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ውሃው በዳር አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ስም የሌለው ቀለም ነበር። ያንግዶል ከመኪናው ወርዳ ቆመች። የኡርጋይን እናት ዲስኬት ነጭ ሻሽ በሁለት እጇ ዘርግታ መጣችና አንገቷ ላይ አደረገችላት።

የፍየል ሥጋ ከሊጥ ቁራጭ ጋር ተቀቅሎ፣ እርጎ ተጨምሮ ቀረበ። ሁለቱ እናቶች ምድጃው አጠገብ ሲቀመጡ ልጆቹ ደጅ ወጡ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩልም ሆነ።

«ግቢና ንገሪያት» አለ ኡርጋይን።

«አንተ ግባ።»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ኩንዜስ የኡርጋይንን እጅጌ ያዘች። «እማዬ ናት። ከቤት ውጭ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ብዬ ላቋርጣት?»

«ቀኑ ያመልጠናል፣ ኩንዜስ።»

«አውቃለሁ» አለች። ሁለቱም ግን አልተንቀሳቀሱም።

ከሳቁ በኋላ የዲስኬት ድምፅ መጣ። «እኔም ፈርቼ ነበር፣ እህቴ። የከተማ ልጅ ወስዳ ታስቀርብኛለች ብዬ። መንገዱ ሲዘጋ በአንቺ በኩል ብቻ አይምሰልሽ፤ ልጄ እዚያ ማዶ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ።»

ያንግዶል ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሰዓቱ ስምንት አልፏል።

እብዱ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ማዶ የጂግሜት ፒክአፕ ቆሟል። ኡርጋይን ወርዶ በረጅም እንጨት ለካ፤ ተመለሰ፤ የያንግዶልን በር ከፈተና ቆመ።

«አማ፣ መኪናው አያልፍም። ነፍስዎን ለቃሌ ብዬ አላስይዝም። እናቴ ዘንድ እንመለስና ጠዋት አደርስዎታለሁ። ጥያቄዬንም አንስቻለሁ።»

ኩንዜስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እናቷ ለማሸነፍ ከተቀመጠችበት አለመነሳት ብቻ ይበቃታል።

«ያ ማዶ ያለው ማንን ይጠብቃል?» አለች ያንግዶል።

«እኛን። እንዲህ ቢሆን ብዬ ነበር።»

«ከላይ ውሃው ሰፍቶ የሚሄድበት አለ?»

«አለ፤ ግን…»

«ኑብራ ያደግሁት ወንዝ ዳር ነው። ውሃ በጠበበበት ጉልበተኛ ነው፤ በሰፋበት ሰነፍ።» ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሻጠች። «እናቴን ልሸኝ ስል መንገድ ዘጋኝ። ልጄን ልድር ስል አይዘጋኝም።»

ኩንዜስም ወርዳ ጫማዋን ማውለቅ ጀምራ ነበር።

መኪናውን ትተው ሽቅብ ሄዱ። ውሃው በሰፋበት ኡርጋይን ብቻውን ደርሶ ተመለሰ፤ ከጉልበቱ አላለፈም። ያንግዶልን መሃል አድርገው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። ቅዝቃዜው አጥንት ይቆርጣል። መሃል ላይ ያንግዶል ተንሸራተተች፤ ኡርጋይን ወገቧን ያዛት። «እሷን ያዝ» አለችው፣ «እኔን ድንጋዩ ያውቀኛል።» እሱ ሁለቱንም ያዘ። ማዶ ሲወጡ ጂግሜት የድንች ጆንያ እያራገፈ እግራቸውን ጠቀለለላቸውና ፒክአፑ ላይ አሳፈራቸው። ያንግዶል እየተንቀጠቀጠች ትስቅ ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል ምሽት ላይ ቶንዱፕ በሩን ከፈተ። ሚስቱ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ሁለቱ ወጣቶች ከኋላዋ ጎን ለጎን ቆመዋል። «አልጋዬን አንጥፍልኝ» አለችው ያንግዶል፤ ወዲያው ወደ ኡርጋይን ዞራ፣ «አጎቶችህን ላካቸው» አለች።

በሁለተኛው ሳምንት የኡርጋይን አጎቶች የገብስ ጠላ ይዘው መጡ። ወጉ፣ የሴቷ ወገን ሁለቴ ሦስቴ እንቢ ማለት ነው፤ ጠላውን ከቀመሱ ሰጥተናል ማለት ስለሆነ። ቶንዱፕ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ልጃችን ገና ሕፃን ናት…» ብሎ ጀመረ። ያንግዶል ዋንጫውን ከሽማግሌው እጅ ተቀብላ እስከ እንጥፍጣፊው ጠጣችው።

ሽማግሌው ግራ ገባው። «እህቴ፣ ገና አልለመንንሽም እኮ።»

«ለምናችሁ ጨርሱ፤ በረዶ ሳይመጣ መደገስ አለብን» አለችው።

ኩንዜስ ከጓዳ ስልኳን ይዛ ወደ ሰገነት ሮጠች። ኡርጋይን እንግዶች ይዞ መንገድ ላይ ነበር።

«ምን አለች?» አለ።

«ጨለጠችው።»

በመስመሩ ላይ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ ረጅም፣ ማቆሚያ የሌለው፤ ከበስተኋላው ምን እንደተፈጠረ ያልገባቸው ቱሪስቶች ሲያጨበጭቡ ይሰማል።