በግራሶ የተሸፈነው ቁጥር

ሌባ ሁሉ ኪስ አይገባም። የሰው ቀን የሚሰርቅም አለ። ይህ ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሰረቀ፤ ምን ይደረግ፣ እንደሆነው ልንገራችሁ።

መካኒክ ነው፤ ያውም ቤንዚንን ከአየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተር ብቻ የሚሠራ። ሌላው ተስፋ የቆረጠበት የድሮ መኪና ሁሉ መጨረሻው እሱ ደጅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት መምህርት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ገባች። የአባቷ መኪና ካርቡራተር ነው። አባቷ የጥንት ታክሲ ነጂ ናቸው፤ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ከቆመች አሥራ አንድ ዓመቷ። ሦስት መካኒኮች አይተውት፣ ሦስቱም ዓይነቱ ካልታወቀ በየመጋጠሚያው የሚገባው ጓርኒሲዮን አይታዘዝለትም ብለው መልሰዋታል። ዓይነቱ የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ ወልቃ ጠፍታለች። ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ይሁን ከሌላ መኪና የተነቀለ፣ አባትየውም አያስታውሱም።

እጇ ቆሽሾ ነበርና ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። እሱ በዚያች ቅጽበት ቤንዚን በነካ ጨርቅ ከሞተሩ ጋር የሚጋጠመውን ጠርዝ ወለወለ። ስድስት ቁጥሮች ብቅ አሉ። ዓይነቱን ከነተሠራበት ዘመን አወቀው።

ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ እጇን እያራገፈች ተመለሰችና «በሽተኛው ይድናል?» ብላ ሳቀች።

ያን ሳቅ ምነው ባልሳቀችው! አሁን ብነግራት አስቀምጣው ትሄዳለች፣ ሲያልቅ አንዴ መጥታ ትወስዳለች፣ በቃ፤ ብሎ አሰበ። አውራ ጣቱ ግራሶ ውስጥ ገባ፤ ቁጥሮቹን ዳበሳቸው፤ ጠፉ።

«ጊዜ ይፈልጋል» አለ፣ አቀርቅሮ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቅ ቢሉ።»

ብቅ አለች። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በኋላም። አሮጌ የመለዋወጫ መጽሐፍ መሐላቸው ዘርግተው ሥዕል ከሥዕል ያስተያያሉ። ትክክለኛው ገጽ ሲቃረብ እሱ ሁለት ቅጠል ባንዴ ይገለብጣል። «እርስዎ» መባባሉ በሁለተኛው ቅዳሜ ቀረ። በሦስተኛው፣ ትከሻቸው ሲነካካ ማንም ቶሎ አልተነሳም። ጎረቤቱ ጎማ ጠጋኝ በበሩ አልፎ ሲሄድ፣ ሰው ዲግሪውን ይዞ በወጣ ነበር፣ ይህች ካርቡራተር ስንት ዓመት ነው የምትጠናው፣ እያለ ይተርበው ጀመር። እሷ ስቃ ቀላች። እሱ አልሳቀም፤ ሆዱ ያውቀዋላ።

በአምስተኛው ቅዳሜ መጽሐፉን አልከፈተችም።

«የአባቴ ጆሮ እየሄደ ነው» አለች። «ሐኪሙ ከሁለት ወር አያልፍም ብሏል። ሳይዘጋ የመኪናዬን ድምፅ ልስማ ነው የሚለኝ።»

«መቼ ነው ሐኪሙ ይህን ያለው?»

«ወዳንተ ከመምጣቴ በፊት ባለው ሳምንት።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«እንዳላጣድፍህ ብዬ ነው። ስትለፋ እያየሁህ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የዚያኑ ዕለት ቁጥሩን «አገኘው»። ግን ጓርኒሲዮኑና ቤንዚኑን የምትመጥነው መርፌ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጡት፤ ወር ይፈጃል። እስከዚያ ቤተሰቡ የታመመበት ሰው ይመስል ነበር። ካርቡራተሩን አንድ በአንድ ፈትቶ ዘፈዘፈ፤ ቀጫጭን የቤንዚን መንገዶቹን በአየር ነፋ፤ ውስጠ ባዶውን ተንሳፋፊ ጆሮው ጋ አስጠግቶ፣ ቤንዚን ገብቶበት እንደሆን ብሎ ነቀነቀ። ጆሮው ጋ ባስጠጋ ቁጥር የሽማግሌው ጆሮ ትዝ ይለዋል። ዕቃው ደረሰ፣ ገጠመው።

የአባትየው ጆሮ ግን ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ግቢያቸው ሄዶ ካርቡራተሩን አሰረ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ ሳለና ተነሳ፤ የአየሯን ብሎን ትንሽ ሲመልሳት ድምፁ ለሰለሰ፣ እንደ ዱሮው ሆነ። ሽማግሌው አጠገቡ ቆመው የልጃቸውን ፊት ያያሉ።

«ተነሳች እንዴ?» አሉ።

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

መካኒኩ ወረቀትና እስክሪብቶ ለመነ። ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ጻፈ፦ «ቁጥሩን ያገኘሁት በመጀመሪያው ቀን ነው። ልጅዎ እንድትመላለስ ብዬ ደበቅሁት። አራት ሳምንት ሰርቄብዎታለሁ።» ሲሰጣቸው እሷም በትከሻቸው በኩል አነበበች።

ሽማግሌው ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርገው ቆዩ።

«እጅህ ደህና ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያውቁት ከፍ አድርገው። «አይንቀጠቀጥም። አፍህ ነው የሰነፈው፣ ልጄ።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«በእኔ አሳበህ አባቴን ቀማኸው» አለች እሷ። «ሂድ።»

ሄደ። ይቅርታ ለማለት እንኳ አልተመለሰም፤ ምን ብሎ? የሰው ሞተር ባስነሳ ቁጥር ደስታው አይሞላለትም። ጎማ ጠጋኙም ነገሩ ገብቶት ተረቡን ተወ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ቀና ሲል በሩ ላይ ቆማለች። በእጇ ምንም አልያዘችም።

«ምን ተበላሸ?» አላት፣ ደንግጦ።

«ምንም አልተበላሸም። የማሠራውም የለኝም። አንተን ለማየት ነው የመጣሁት።» አለችው። «ያኔ አንተም እንዲህ ማለት ነበረብህ።»

አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ዓይኖቿ እሱ ላይ ነበሩ።

«ገና ይቅር አላልኩህም» አለች። «ደግሞ ናፍቀኸኛል። ሁለቱንም ይዤ ነው የመጣሁት፤ አንዱን ብቻ ልቀበል ካልክ ልመለስ።»

«ሁለቱንም እቀበላለሁ» አለ። ቀጥሎ እጁ ላይ ያለውን ጥቁረት ሳይጠርግ፣ መፍቻውንም ሳያስቀምጥ፣ እንደሚወዳት ነገራት። ይህችን ቃል እንኳ አላሳደራትም።