የቡሹሎው ሥር

ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ሽበሺ ባጃጁን ሐይቁ ዳር አቆመ። ደረት ኪሱ ውስጥ ከቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ የሰረቃት ብልቃጥ አለች።

ስምንት ወር የቤተ ሙከራ ተላላኪ መስሎ ኖሯል። ለደኅንነት አለቃው ለ«ሸምበቆ» ግን «አምባዛ» ነው።

በብልቃጧ ያለው ተመራማሪዋ ወንጌላዊት ከአንድ ሥር የጨመቀችው ነው። የተጎዳ የኩላሊት ሴል ራሱን እንዲገድል ከውስጡ ትእዛዝ ይደርሰዋል፤ ጭማቂው ትእዛዙን ያግዳል። ሥሩን የቆፈሩላት የቡሹሎ መንደሩ መድኃኒት አዋቂ ጋሽ ሽፈራው የሥሩን ስም አልነገሯትም።

«ከእጅሽ ከጠፋ ሁለተኛ አልቆፍርም። የአባቴ ሕግ ነው» ብለዋታል።

የቀረችው ይህች ብልቃጥ ብቻ ናት። የሸምበቆ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ብልቃጧ ለውጭ ገዢ ልትሸጥ ነው። ቀድመህ አውጣት።»

ነጭ መኪና መጣ።

«ዘገየህ፣ አምባዛ።»

«በባጃጅ ነው የመጣሁት ጌታዬ። አይሮፕላን መቼ ሰጣችሁኝ?»

ሸምበቆ ሳቀ። የኋላው መስኮት ወረደ። አንድ ፈረንጅ የበረዶ ሣጥን ታቅፎ ተቀምጧል።

ሽበሺ አወቀው። ከወር በፊት ፎቶውን አንስቶ «ገዢው ይህ ነው» ብሎ ለሸምበቆ የላከው ራሱ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ አይታሰርም እንዴ?»

«ሐሳብ ተቀየረ።»

«ማን ቀየረው?»

«ተላላኪ አይደለህ? ተላላክ።»

ስምንት ወር ወለል ወልውሏል። የላከው ሪፖርት ሁሉ ለካ የሸምበቆን ገበያ ሲያደራ ነበር።

ከመኪናው የወረደ የሸምበቆ ጠባቂ ሽጉጥ ጀርባው ላይ ደገነበት።

ቢሮጥ ይመቱታል። ቢሰጥ ብልቃጧ አገር ለቃ ትሄዳለች።

ብልቃጧን ድንጋይ ላይ ፈጠፈጣት።

ሐይቁ ዳር የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ዞረው አዩ። ሸምበቆ በሰው ፊት አላስተኮሰም።

«ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም» አለና መስኮቱን ዘጋ።

ወንጌላዊት ማቀዝቀዣውን ባዶ አግኝታ ቤተ ሙከራው በር ላይ ጠበቀችው።

«ብልቃጧስ?»

«ተሰበረች።»

«ጋሽ ሽፈራው ዳግም እንደማይቆፍሩልኝ እያወቅክ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

እውነቱን ሊነግራት ፈለገ። ከነገራት ግን ሸምበቆ ወደ እሷ ይመጣል።

«ወደቀችብኝ።»

«ከፊቴ ጥፋ።»

ጠፋ። መናኸሪያ ሄዶ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረ፤ ሽበሺ የሚባል ተላላኪም ከዚያ ወዲህ አልታየም።

ጋሽ ሽፈራው በተከታዩ ክረምት አረፉ። ሥሩ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም።