ዱካ አልባው ጉድጓድ

አርሚንዶን ያመጣው ማዕበሉ ነው። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከአንካዶ መንደር ጥቁር ጭቃ ዛጎል የሚለቅሙ ሴቶች ቀዛፊ የሌላት ታንኳ ወደ ዳርቻው ስትጠጋ አዩ። ቀርበው ሲመለከቱ፣ የኡኖሬ ደሴት የባሕር ኤሊ ጠባቂዎች አለቃ አርሚንዶ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቆ፣ ፊቱ በሸራ ተሸፍኖ ተንጋሏል። በእግሩ ሥር አንድ ቅርጫት ነጭ አሸዋ ነበር።

ኢንስፔክተር ሊዮካዲያ ቴ በማግስቱ ከቡባኬ ከተማ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሷል። ንጎር ሳር የተባለው ሴኔጋላዊ ዓሣ አጥማጅ ከግንድ ጋር ተጠፍሯል፤ ጎረምሶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጥልቁ ሊወረውሩት ይዝታሉ። በተከለከለው ውኃ የጣለውን መረብ አርሚንዶ ባለፈው ሳምንት ወርሶበት ነበርና።

«እመቤቴ፣» አላት ንጎር፣ «ገድዬው ቢሆን በታንኳ አሳፍሬ እልክላችኋለሁ? እኔ እኮ ሕያው ሰው እንኳ በነፃ አላሻግርም!»

ሊዮካዲያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቅርጫቱን ጠየቀች። ጣቷን ወደ አሸዋው መሐል ሰደደች፤ ውስጡ ጠቁሮ ረግቷል። ደም ነው።

የሟቹ ሚስት ኤርሜሊንዳ እንባዋ ደርቆ ነበር። «የሚጠላው የለም፣ እትዬ። የሚቀኑበት ግን ሁለት ናቸው። በርናርዲኖ በእኔ ይቀናል፤ ካገባሁ አምስት ዓመት ሆነኝ፣ ዛሬም በደጄ ሲያልፍ ያፏጫል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ዜፈሪኖ። እሱ የሚቀናው በኤሊዎቹ ነው። ሃያ ዓመት ብቻውን ቆጥሯቸዋል። ባሌ ተሹሞበት ከሥልጠና ሲመለስ፣ ‹ዱካውን በተረከዝህ ሳይሆን በዱላ አስምር› ቢለው፣ እሱ ‹ዱላ ይዘህ እረኛ መሰልከኝ› ብሎ ሳቀበት። ሳቁ አላማረኝም።»

ጠባቂዎቹ በየንጋቱ፣ ሌሊት እንቁላል ልትጥል የወጣች ኤሊ የተወችውን ዱካ ከቆጠሩ በኋላ፣ ዳግም እንዳይቆጠር በአሸዋው ላይ አግድም ያሰምሩበታል። ጠቡ በዚህች መስመር ላይ ነበር።

የዘንባባ ወይን ቀጂውን በርናርዲኖን ከዛፉ ሥር ተቀምጦ አገኘችው።

«አዎ፣ እቀናለሁ! ቅናት የሚያሳስር ከሆነማ መንደሩን በሙሉ እሰሪው። ማክሰኞ ጠዋት ዘንባባ ላይ ነበርኩ። ወይኔን የጠጡት ይመሰክሩልኛል፤ መቆም ከቻሉ።»

ሁለተኛው ጠባቂ ዜፈሪኖ ጉልበቱን በቅጠል አስሮ በደጃፉ ተቀምጧል። «ከከዳኝ ሦስት ሳምንቱ ነው። ኡኖሬን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም» አለ። ስለ ደሴቲቱ ሲናገር፣ ጥላው ሌላ ቤት ስለገባች ሚስት የሚናገር ሰው ይመስል ነበር።

የአበውን ሥርዓት ያልፈጸመ ሰው ኡኖሬን አይረግጥም። ሊዮካዲያ ጀልባው ውስጥ ቀረች፤ የመንደሩ ሽማግሌ ኩንቲኖ ወረዱና በነጩ አሸዋ ላይ መራመድ ጀመሩ።

«አባባ፣ የሚያዩትን ሁሉ ይንገሩኝ! ትንሹን ነገር እንኳ!»

«የኤሊ ዱካ ነው፣ ልጄ! ያልተሰመረው የዛሬ ሌሊት ነው። የትናንቱ ተሰምሮበታል!»

«በምን ነው የተሰመረው?»

«በዱላ! የአርሚንዶ ነው፤ ቀጭን!»

ሽማግሌው ረጅም መንገድ ሄዱ። ቀዛፊው ጀልባዋን በትይዩ አስከተለላቸው።

«እዚህ ጉድጓድ አለ!»

«ኤሊ የቆፈረችው ነው?»

ኩንቲኖ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ቀንሶ ነበር። «ኤሊ ከሰማይ አትወርድም። ወደዚህ የሚመጣም የሚመለስም የኤሊ ዱካ የለም።»

«ከዚያ ወዲያ ያሉት መስመሮችስ?»

ሽማግሌው ከመስመር ወደ መስመር እየሄዱ ጎንበስ አሉ።

«ሰፊ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «የተረከዝ ናቸው።»

ከሰዓት በኋላ ከታላቁ የጥጥ ዛፍ ሥር ሁሉም ተሰበሰቡ። ከጎረምሶቹ አንዱ መቅዘፊያውን እያወዛወዘ፣ «ሴኔጋላዊውን ስጪንና ወደ ከተማሽ ተመለሽ!» አላት።

«ትወስዱታላችሁ፤ እኔ ያልገባኝን ከመለሳችሁልኝ» አለች ሊዮካዲያ። «ዳርቻችሁ ጥቁር ጭቃ ነው፤ በቅርጫቱ ያለው ግን የኡኖሬ ነጭ አሸዋ ነው። ስለዚህ አርሚንዶ እዚያ ሞተ። ታዲያ ገዳዩ ሬሳውን ሰው በማይደርስበት ደሴት ትቶት መሄድ ሲችል፣ ለምን ወደ እናንተ ላከው?»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባባ ኩንቲኖ፣ ሬሳ ኡኖሬ ላይ ቢቀርስ?»

«ርኩሰት ነው። እዚያ ደም አይፈስም፤ ከፈሰሰም ወደ ባሕሯ አይጣልም።»

«ለዚህ ነው ገዳዩ ደም የነካውን አሸዋ እስከ መጨረሻው ዝቆ በቅርጫት ከሬሳው ጋር የላከው። ጉድጓዱ የመጣው ከዚህ ነው። መረቡን እዚያ የሚጥለው ንጎር ለዚህ ይጨነቃል?»

«አልጨነቅም፣» አለ ንጎር ከታሰረበት። «ማሪያም ምስክሬ ናት፣ አልጨነቅም!»

«ስለዚህ ገዳዩ አማኝ ነው። በርናርዲኖም አማኝ ነው፤ ግን አንድም ቀን ኤሊ ቆጥሮ አያውቅም። የአርሚንዶ የዱላ መስመር ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ያቆማል። ከዚያ እስከ ዳርቻው መጨረሻ ያሉትን ዱካዎች አንድ ሰው በተረከዙ አስምሮባቸዋል። ሰው ገድሎ፣ ሬሳ ተሸክሞ፣ ደም ዝቆ፣ ከዚያ ሥራውን የጨረሰ ሰው።» ወደ ዜፈሪኖ ዞረች። «ጋሼ፣ ለምን ጨረሷቸው?»

ዜፈሪኖ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «ታዲያ ሳይቆጠሩ ይቅሩ?»

ኤርሜሊንዳ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኡኖሬን ልያት ብቻ ነበር የሄድኩት» አለ ዜፈሪኖ። «ደረቴን በዱላው ገፋ አድርጎ ‹ደክመሃል፤ እቤትህ ተቀመጥ፤ አሁን የእኔ ናት› አለኝ። የእኔ ናት! እኔ እንኳ በሃያ ዓመት እንዲህ ብያት አላውቅም። ፊቱን ሲያዞር መቅዘፊያው በእጄ ነበር።»

ጎረምሶቹ ንጎርን አንገታቸውን ደፍተው ፈቱት። ዜፈሪኖ እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ እስር ቤት ለእሱ ከጉልበት ሕመም የከፋ አይመስልም።

ኩንቲኖ በዝግታ ተነሡ። «የመንግሥት ሕግ የራሱን ያድርግ። እኛ የምንለው አንድ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ኡኖሬን አትረግጣትም። ከእስር ወጥተህም፣ አርጅተህም።»

ያን ጊዜ ዜፈሪኖ ከሽማግሌው እግር ሥር ወደቀ።

«ታዲያ ማን ይሄዳል?» አለ መሬት ላይ እንደወደቀ። «አባባ፣ ይንገሩኝ፣ ነገ ጠዋት ማን ነው የሚሄደው?»

የዜፈሪኖ ዓይኖች ከጎረምሳ ወደ ጎረምሳ እየዘለሉ፣ የሚተካውን ፊት ይፈልጉ ጀመር።