የሕዝቅኤል ሞተር

«ሞተሩ የማን ነው?» አለች የትራንስፖርት ቢሮዋ መዝጋቢ ወይዘሮ ባዩሽ፣ እስክሪብቶዋን ለመጻፍ አዘጋጅታ።

ሩሐማ የላንድሮቨሩን ኮፈን በሁለት እጇ ወደ ላይ ደግፋ ቆማለች። ማቆሚያው ብረት ከተሰበረ ቆይቷል፤ ኮፈኑን መያዝ የእሷ ሥራ ሆኗል። የጥያቄውን መልስ ታውቀዋለች። አባቷ «የኔ ነው» ይላል፣ ወይዘሮ ባዩሽ አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ትጽፋለች፣ ትራፊክ የፈታው ታርጋ ይመለሳል፣ እነሱም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

«የሕዝቅኤል ነው» አለ አባቷ ወርቅነህ።

ሩሐማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሕዝቅኤል የሚባለው ማን ነው?»

«የኤርጎ ልጅ። ሃና ከተማ ነበር የሚኖረው። ሞቷል።»

ወይዘሮ ባዩሽ እስክሪብቶዋን አወረደች። «ጋሼ ወርቅነህ፣ የሟች ሞተር እንዴት ብሎ የእርስዎ መኪና ውስጥ ገባ?»

«አባቱ ሰጠኝ። በበሬ ለወጥኩት።»

«በበሬ?»

«አዎ። ቀይ በሬ። ጥሩ በሬ ነበር።»

ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሹፌሮች በሳቅ ፈነዱ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለ አንደኛው። ወይዘሮ ባዩሽ ግን አልሳቀችም። ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ሁሉን ነገር በእጇ ስትጽፍ ነው የዋለችው፤ ለመሳቅም አቅም ይጠይቃል። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደክሟት ነው።

«እንግዲህ የልጁ አባት በፈቃዱ የሰጠበት ውል ይምጣ» አለች። «ይፈርምበት፤ መፈረም ካልቻለ በአውራ ጣቱ። ያለዚያ ይህን ቁጥር ሊብሬ ላይ ብጽፍ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቀጣይ!»

ሩሐማ ኮፈኑን ለቀቀችው። ጓ ብሎ ተዘጋ።

ቢሮው ለእሷ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ከሆነ ሰንብቷል። መጀመሪያ ፋይሉ ጠፋ ተባለ። ፋይሉ ሲገኝ ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ። ኃላፊው ሲመለሱ ኔትወርክ ሄደ። አባቷ መጽሐፍ ቅዱሱን ቀስ ብሎ ያነባል፤ የቢሮ አማርኛ ግን ያስደነግጠዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እሷን ይዞ ይመጣል። እሷ ደግሞ ከትምህርት በቀረችበት ቀን ሁሉ ፊዚክስ አለ። ሰኞ ፈተና ነው፤ ደብተሯ ውስጥ ያለው ግማሹ የሰው ጽሕፈት ነው።

ወደ ጋቢናው ገብታ በሩን ዘጋች። ላንድሮቨሩ ከአባቷ ጋር እኩያ ለመሆን ምንም አልቀረው። ጂንካ ውስጥ «ሽማግሌው» ይሉታል። የራሱ ሞተር ከካኮ ገበያ ሲመለስ ዳገት ላይ ሞተ። አዲሱ ሞተር ገብቶለት ገና መንገድ ሲወጣ ደግሞ ትራፊክ ኮፈኑን አስከፍቶ አየና፣ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገጥምም ብሎ ታርጋውን ፈታው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ዛሬም እዚህ የመጣው ለምርመራ ብቻ ተፈቅዶለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ አረጋሽ መኪናው ይጭነው የነበረውን ሙዝ በጀርባዋ አዝላ ነው ገበያ የምታወጣው። ማታ ማታ ወገቧን ይዛ ስትቀመጥ ሩሐማ ወደ ሌላ ታያለች።

«አባ፣ የኔ ነው ብትል ምን ነበረበት?» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

አባቷ መሪውን ያዘ። «ገና የኔ አልሆነም» አለ።

«በሬውን ሰጠኸው አይደል?»

«በሬውን ሰጠሁት። ሞተሩን ግን አላሰማሁትም።»

ሩሐማም እዚያ ነበረች፤ ታስታውሳለች። ሃና፣ ኤርጎ ግቢ ውስጥ፣ የሕዝቅኤል ፒካፕ ዛፍ ሥር በጎኑ ተኝቷል። ልጁ ኩርባ ላይ ተገልብጦ ነው የሞተው፤ ሞተሩን ግን ምንም አልነካውም። ሁለት ሽማግሌዎች በምስክርነት ተቀምጠዋል። ኤርጎ በሬውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ በአሪኛ ተናገረ። «ልጄ ወደ ቤት ሲመለስ ገና ከጉብታው ማዶ በሞተሩ ድምፅ አውቀው ነበር፤ እናቱን ምግብ አውጪ እላት ነበር» አለ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞሮ «ሲሠራ አምጥተህ አሰማኝ» አለው። አባቷም «አሰማሃለሁ» አለ። ተጨባበጡ። ወረቀት ያነሳ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ያን ጊዜ ስለ ወረቀት ቢያነሳ ሁሉም ያፍሩ ነበር።

አሁን ግን መኪናው ያለ ታርጋ ሃና አይሄድም። ታርጋው ያለ ኤርጎ ጣት አይመለስም። ኤርጎ ደግሞ ሃና ነው፤ ስልኩም መሥራት ካቆመ ሰንብቷል። ሩሐማ ማልቀስ አማራት፤ ግን ለማልቀስም ደከማት።

«ውሉን ላስጽፍ» ብላ ወረደች።

ከቢሮው ማዶ ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የክፍል ጓደኛዋ የኢየሩስ ቤተሰቦች ነው። ኢየሩስ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ትውላለች። ባትሪው ሊያልቅ በደረሰ ላፕቶፕ ውሉን ሳታቋርጥ ጻፈችው፤ እንዲህ ዓይነቱን በቃሏ ታውቀዋለች።

«በቃ፣ አሁን ሰውዬው ጣቱን ያሳርፍ» አለች በባትሪ በሚሠራው ትንሽ ማተሚያ አትማ ስትጨርስ። «የት ነው ያለው?»

«ሃና።»

«ሃና?! ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? ሰኞ ፊዚክስ አለን እኮ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

ኢየሩስ ወደ በሩ አየት አደረገችና የማኅተሙን ቀለም ገፋችላት። «አውራ ጣት ያው አውራ ጣት ነው።»

«ምን?»

«የአንቺን አድርጊበት። ማን ሊመረምረው ነው?»

«ኢየሩስ፣ ያምሻል?»

«አታካብጂ! ሰርቃችኋል? አልሰረቃችሁም። ሰውዬው ሰጥቷችኋል? ሰጥቷል። እና ምኑ ነው ውሸቱ? አሁን አድርገሽ ለወይዘሮ ባዩሽ ትሰጫታለሽ፣ ታርጋችሁን ትቀበላላችሁ፣ ማታ አብረን እናጠናለን። እኔ ማስታወሻውን ሁሉ ይዤልሻለሁ።»

የሚያናድደው ነገር፣ ኢየሩስ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ሞተሩን አልሰረቁም። እናቷ ነገ ሙዝ መሸከሟን ታቆማለች። ሩሐማ ዕረፍት አማራት፤ ቢሮ፣ ተራ፣ «ነገ ተመለሱ» የሚባል ነገር የሌለበት አንድ ቀን። ጣቷን ቀለሙ ላይ ተጫነች። ቀዝቃዛ ነበር። ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።

ቦታውን ለማግኘት ውሉን ወደ ታች አነበበች። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ በሞተሩ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የሌለኝ መሆኑን በአውራ ጣቴ አረጋግጣለሁ።»

ጣቷ ወረቀቱ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

ኤርጎ ጥያቄ አለው። አንድ ብቻ። ከበሬውም በፊት የጠየቀው እሱን ነው።

አባቷ ይህን ወረቀት ሲያይ የሚለውንም አሁኑኑ ሰማችው። ማን ፈረመ አይልም፣ እንዴት አገኘሽው አይልም። «ኤርጎ መቼ ሰማው?» ነው የሚላት። ደስ ብሎት ነው የሚጠይቃት። እሷም በዚያ ፊቱ ላይ መዋሸት ይኖርባታል፤ ከዚያ በኋላም መኪናው በተነሳ ቁጥር።

«ምን ሆንሽ? አድርጊው እንጂ» አለች ኢየሩስ።

«አልችልም።»

«ቀለሙን ነክተሽ?»

«ነክቼም።» ጣቷን በተበላሸ ወረቀት ጠረገችው፤ ቀለሙ ተንሰራፋ እንጂ አልለቀቀም። ውሉን አጥፋ ፊዚክስ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ኢየሩስ አኮረፈች። ሩሐማ ከበሩ ስትወጣ ግን ከኋላዋ፣ «ማስታወሻውን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፣ ፋራ!» ብላ ጮኸችባት።

አባቷ ጋቢና ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አንቀላፍቷል። እጆቹ መሪው ላይ እንዳሉ ናቸው። ሲተኛ ያረጀ መሰላት፤ ቅድም ስለጮኸችበት አዘነች። መስኮቱን ቀስ ብላ አንኳኳች።

«አባ፣ ነገ በጠዋት ከገበያው በር አይሱዙ ወደ ሃና ይሄዳል። እንሳፈር። ውሉን እኔ አነብለታለሁ።»

«ፈተናሽስ?»

«ሰኞ ነው። እስከዚያ ካልተመለስን ለመምህሩ እነግረዋለሁ።»  መምህሩ ማካካሻ የሚባል ነገር እንደሌለ ደጋግሞ ተናግሯል፤ የሃና መንገድ ደግሞ ዝናብ ካገኘው ማንንም በቀጠሮ አይመልስም።

አባቷ ጣቷን አየ። «ምን ነካሽ?»

«ቀለም ነው። ይለቃል።»

ጣቷን ደግሞ አየው። ከዚያ ዓይኗን አየ። 

«አሁን አስነሳው» አለች ወደ ፊት እየዞረች። ኮፈኑን ከፍታ በአንድ እጇና በትከሻዋ ደገፈችው፤ በሌላው እጇ ስልኳን አወጣች።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ድምፁን ልቀዳ። መኪናው እስኪደርስ ለጊዜው በዚህ ይስማው።»

ሽማግሌው አጓርቶ ዝም አለ። እንደገና አጓራ፤ ተነሳም። ሩሐማ መቅጃውን ስትጫን አንድ ባጃጅ ከኋላ ጥሩንባውን አስጮኸው። አጠፋችውና ባጃጁ እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ኤርጎ የጠየቀው የልጁን ሞተር እንጂ የባጃጅ ጥሩንባ አይደለም። እንደገና ከመጀመሯ በፊት ወደ ጋቢናው ጮኸች።

«አባ! ጉብታውን ወጥቶ ወደ ቤት እንደሚገባ አድርገው!»

ትከሻዋ ከኮፈኑ ክብደት ተንቀጠቀጠ። አባቷ ነዳጁን ቀስ እያለ ረገጠ። ሩሐማ በሰማያዊ ጣቷ መቅጃውን ተጭና ስልኩን ወደ ሞተሩ ጠጋ አደረገችው።