የሄድፎኑ ቀዳዳ

ዋሊድ ማንጎውን በላስቲክ አንጠልጥሎ መጣ።

«የሺ እህቴ፣ እንካ። ጣፋጩ ከታች ነው።»

«ለሴት እንቺ ነው የሚባለው።»

«ወላሂ፣ አማርኛ ሴትና ወንድ ያበዛል!»

ተሳሳቁ። የአሶሳ ገበያ ያያቸዋል። ጣቷ ከማንጎው ሥር ፍላሹን አገኘው።

የሺሀረግ የሽፋን ስሟ ነው። የምትሠራበት የድምፅ ስቱዲዮም ሽፋን ነው። ባህር ማዶ የድምፅ ሙያ መማሯ ግን እውነት ነው። እውነተኛ ስሟን በዚህ ከተማ የሚያውቀው የደህንነት አለቃዋ አንለይ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ስሙን እሷም ትጠራጠረዋለች።

ፍላሹ ላይ ያለው በሆሞሻ የተቀዳ የሠርግ ድምፅ ነው። የዋዛ ነፊዎች የቅል መለከታቸውን ይዘው ዙሪያውን ሲነፉ፣ መሀል ላይ «ጥላ» የሚባል ሰው የኤሌክትሪክ መስመር ጠባቂዎች የሚቀያየሩበትን ሰዓት መስመሩን ማፍረስ ለሚፈልጉ ሸጠ። ከነፊዎቹ አንዱ ዋሊድ ነበር፤ መቅጃውን ጥላ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር የደበቀው እሱ ነው። አሁን ጥርጣሬው በራሱ በዋሊድ ላይ ዞሯል። የጥላ ድምፅ ካልተገኘ ዛሬውኑ ይታሰራል።

ስቱዲዮው ውስጥ ከዋናው ቢሮ የመጣው ዱጋሳ ፍላሹን ተቀብሎ በራሱ ላፕቶፕ ሰካው። ገመዱን ከሳውንድ ካርዱ፣ ላፕቶፑ ከሚገናኝበት የድምፅ ሣጥን፣ ወደ ስፒከሩ አንለይ ቀድሞ ዘርግቶት ነበር።

ዋዛው ተነፋ።

ሰው ግን አልተናገረም።

«በማንጎ ሸነገለሽ» አለ አንለይ። «ጥላ ራሱ ልጁ ነው።»

ዱጋሳ ዋሊድን ሊያሳስር ስልኩን አወጣ።

የዋዛው ድምፅ ከነከናት። መሀሉ ባዶ ነው፣ እንደ ቅል። ጎንበስ ብላ ሳውንድ ካርዱን አየች። ገመዱ ከኋላ፣ ከዋናው መውጫ አልተሰካም። ከፊት፣ ከሄድፎኑ ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳዎቹ እኩል ናቸው፤ አንዱ ጃክ ለሁለቱም ይገባል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የሄድፎኑ ቀዳዳ የግራና የቀኝ ጆሮን ድምፅ በአንድ ገመድ ይልካል። ይህ ስፒከር ደግሞ አንዱን ከሌላው ቀንሶ ልዩነቱን ብቻ ያሰማል። ዙሪያውን የተነፋ ዋዛ ይተርፋል። ከመቅጃው ፊት ለፊት ተቀምጦ የተናገረ፣ ለሁለቱ ጆሮ እኩል የገባ ሰው ይጠፋል።

መቅጃው የት እንደነበረ ከሠርጉ በኋላ ለአንለይ የነገረችው እሷ ናት።

«ጋሽ ዱጋሳ፣ አንዴ ይታገሱኝ።»

አንለይ ጠራት።

በእውነተኛ ስሟ።

«ተይው» አለ በቀስታ።

እጇ ቆመ። ያንን ስም ከሰው አፍ ከሰማች ስንት ጊዜዋ!

ነቀለችው። ከኋላ ሰካችው።

«...ጠባቂዎቹ ሲቀያየሩ ማማው ባዶ ነው» አለ ስፒከሩ። በዋዛው መሀል፣ ጥርት ብሎ።

የአንለይ ድምፅ ነበር።

የዱጋሳ ሰዎች አንለይን ሲወስዱት በሩ ላይ ዞረ። «ከእንግዲህ ማን ይጠራሻል?»

ፍላሹን ነቅላ ለዱጋሳ ሰጠችው።

«ዋሊድ ነፃ ነው» አለ ዱጋሳ። «አንቺን ግን ሸጦሽ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ከተማውን ለቀሽ ውጪ።»

ወደ ካማሺ የሚሄደው መኪና በገበያው በኩል ሲያልፍ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር። ዋሊድ አያት። ማንጎ ከፍ አድርጎ እየሮጠ ተከተላት።

«የሺ! እንቺ! እንቺ!»

አሁን ትክክል ብሏል።

ዞር አላለችም። መኪናው ውስጥ የሺሀረግ የምትባል ሴት አልነበረችም።