ለሚስ ኢዲት ያረዳሁት መርዶ

ይህ ነገር እውነት ነው። በራሴ ላይ ደርሷል።

የሚያውቁኝ ሰዎች «ሳህሉ ደግሞ ጀመረው!» ብለው እንደሚስቁ አውቃለሁ። አዎ፣ አጋንናለሁ። ጣት የምታህል ዓሣ ይዤ ክንዴን ሙሉ የማሳይ ሰው ነኝ። ይሄን ግን ቀንሼ ነው የምነግራችሁ...

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ በረዶው ላይ ፏ ብላለች። ቦታው አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን ከተማ፣ የሚስ ኢዲት ቤት።

ሚስ ኢዲት የዘጠና አንድ ዓመት አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው። እኔ ተንከባካቢያቸው ነኝ። በመላው ሚኒሶታ እንደኔ ያለ ተንከባካቢ የለም፤ ይሄ ማጋነን አይደለም።

ዓይናቸው ደክሟል። የቀራቸው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ከእንግሊዝ በመርከብ ወደ አሜሪካ የመጡ ቅድመ አያቶቻቸውን ፈልጎ ማግኘት።

«እኛ አገር ሰባት ቤት መቁጠር የሕፃን ሥራ ነው» ብያቸው ነበር ገና በመጀመሪያው ቀን። «እኔ ሃያ ሦስት እቆጥራለሁ!»

ከአራተኛው በኋላ ያሉት የራሴ ፈጠራ ናቸው። እሳቸው ግን አመኑኝ። የድሮውን ወረቀት ሁሉ እኔ እንዳነብላቸው ሰጡኝ።

የዚያን ማክሰኞ የመርከቡ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ቅጂ ከእንግሊዝ በፖስታ መጣ።

«ሳህሉ፣ ፔሸንስ አለች?» አሉ ሚስ ኢዲት ወረቀቱን እያቀበሉኝ። «የስድስት ዓመት ልጅ። ተሳፍራለች ይባላል። አሜሪካ ግን ስሟ የትም የለም። ምን እንደሆነች ሳልሞት ልወቅ።»

አየሁ። አባት አለ። እናት አለች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ።

ፔሸንስ የለችም።

የለችም ማለት አቃተኝ። እኔ፣ ሃያ ሦስት የምቆጥረው!

«አለች» አልኩ። «መርከቡ ላይ ታማ... ሞታለች።»

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አበሻ መርዶ ሲያረዳ ያለሳልሳል። እኔ ግን ታሪኩ ጣዕም ያነሰው መሰለኝና ጨመርኩበት።

«በሽታው እንዳይዛመት... ገና ትንፋሿ ሳይወጣ አባቷ ባሕር ውስጥ ጣላት ይላል።»

ሚስ ኢዲት አፋቸውን ያዙ።

«የገዛ አባቷ?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

ሐሙስ ዕለት ተረኛዋ ፋና ልትረከበኝ መጣችና ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ።

«ጋሽ ሳህሉ፣ አሮጊቷን ምን ነግረዋቸው ነው?»

«እኔ? አጽናናኋቸው እንጂ!»

«ሲያጽናኑማ አውቅዎታለሁ።» ድምጿን ቀነሰች። «ምግብ አይበሉም አይደል? ታዲያ ሳህኑን ማነው የሚጨርሰው?»

ሳቅኩባት። ግን ሳህኑን አየሁት...

በትናንሽ ጣቶች ተጠርጓል። ጠርዙ ላይ ጨው ደርቋል።

ቤቱም ባሕር ባሕር ይሸታል። ሚኒሶታ ሐይቅ እንጂ ባሕር የለም።

ዓርብ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ። እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ።

«ሚስ ኢዲት... ውሸቴን ነው። ስሟ ወረቀቱ ላይ የለም። አባቷ አልጣላትም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ቀስ በል» አሉ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«ትሰማለች።»

«ማን?»

አጠገባቸው ወዳለው ባዶ ወንበር ዞሩ።

«ሦስት ቀን ሙሉ አባቷን ይቅር እንድትለው ስለምናት ነበር። "አባቴ አይደለም" እያለች ታለቅሳለች። ማን እንደጣላት ግን አታውቅም ነበር...»

እንባቸውን ጠረጉ።

«አሁን አንተ መሆንህን ነገርካት።»

መታጠቢያ ቤት ውስጥ የገንዳው ውሃ ተከፈተ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

«ይቅርታ ጠይቃት፣ ሳህሉ። ቶሎ!»

አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ... አንድ ቃል አልወጣም።

ከዚያ አንዲት ትንሽ፣ በረዶ የመሰለች እርጥብ እጅ ሌባ ጣቴን ጨበጠች።

ቀስ ብላ... ወደ ውሃው ድምፅ ትጎትተኝ ጀመር።